ፉርጎ ይጨመር ወይስ ይቅር? የቅርጫት ኳስ ሊግ ቢሰፋ ተጫዋች ይበቃል ወይ

ባለፈው ሳምንት ለጉዳይ ወደ ጅቡቲ ከተማ ወርደን ነበር። ጉዳያችን እንደተለመደው «ሌላ ቀን ኑ» ተባለና፣ ወደ ካምፕ የሚመልሰን መኪና እስኪመጣ ድረስ በአሮጌው የባቡር ጣቢያ አጥር ጥግ ጥላ ፈልገን ተቀመጥን። እኛ ማለት በካምፑ ትምህርት ቤት የምናስተምርና የተማሪዎቹን የቅርጫት ኳስ ውድድር የምናዘጋጅ ሁለት መምህራን ነን።

ጣቢያው ባቡር ካጣ ቆይቷል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ ናጋድ በሚባለው ቦታ ነው። ግን ሰው ጣቢያን አይረሳም፤ ጥላ ፈላጊውም፣ ቀጠሮ ያለውም፣ መሄጃ የጠፋውም እዚያው አካባቢ አይታጣም። በዚያን ዕለት ደግሞ ከአጥሩ አጠገብ ባለች ገላጣ ቦታ ስምንት ልጆች በምሰሶ ላይ ባሰሩት የብረት ቀለበት አራት ለአራት ሆነው ይጫወቱ ነበር። ዘጠነኛ ልጅ ከዳር ቆሞ «እኔስ?» ይላል። «ሰው ሞልቷል!» ይሉታል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «እኔስ?» ይላል። «ሞልቷል አልንህ እኮ!»

እርስ በርስ ተያየን። ይህችን ቃል እኛም ከሁለት ሳምንት በፊት ተናግረናታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካምፓችን የቅርጫት ኳስ ውድድር የሚካሄደው በአራት ቡድን ነው። ዘንድሮ አዲስ የገቡ ቤተሰቦች ካረፉበት ሰፈር ያሉ ወጣቶች «ሁለት ቡድን ይጨመርልን» ብለው ማመልከቻ አስገቡ። እኛም ተሰብስበን ተወያየንና «በቂ ተጫዋች የለም፤ ቡድን ሲበዛ ጨዋታው ይረክሳል» ብለን መለስናቸው። ልጆቹ ምንም አላሉም። ወረቀታቸውን አጥፈው ወጡ። እንግዲህ መልሳችን ትክክል ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ነው እዚያ አጥር ጥግ ያከራከረን።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በዓለም ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ የሆነው የአሜሪካው ኤንቢኤም በዚሁ ጉዳይ ሲከራከር ቆይቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሊጉ ከ2004 ጀምሮ 30 ቡድን ይዞ ነው የተጓዘው። የሲያትል ከተማ በ2008 ቡድኗ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ተወስዶባት እስከ ዛሬ ትጠይቃለች፤ ላስ ቬጋስም ስሟ ይነሳል። በሐምሌ 2025 የቡድን ባለቤቶቹ ተሰብስበው ጉዳዩ በጥልቀት እንዲጠና ለሊጉ ጽሕፈት ቤት አዘዋል። ደጋፊው ግን ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን «ይጨመር» ሲል፣ ሌላው «ተጫዋቹ የት አለና? እንግዳ በመጣ ቁጥር ወጡ ላይ ውኃ ከጨመርን ወጡ መቅጠኑ አይቀርም» ይላል።

ክርክራችንን ከአጠገባችን ሆነው ያዳምጡ የነበሩ አንድ አዛውንት ጣልቃ ገቡ። የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ ጉልበታቸውን የጨረሱት በቀድሞው ባቡር ላይ ነው።

«አባባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አልናቸው።

«እኔ ስለ ኳስ አላውቅም፤ ስለ ባቡር ነው የማውቀው» አሉን። «ፉርጎ ሲበዛ ባቡሩ ይከብዳል፣ እውነት ነው። ግን ዳገት ሲመጣ ሌላ ሎኮሞቲቭ ይቀጠላል እንጂ ተሳፋሪ አይወርድም። እናንተ መጀመሪያ የቆጠራችሁት ፉርጎውን ነው ወይስ ተሳፋሪውን?»

እውነቱን ለመናገር፣ ተሳፋሪውን አልቆጠርንም ነበር። ስለዚህ ከትልቁ ሊግ ጀምረን እንቁጠር።

ሂሳቡ ምን ይላል

በኤንቢኤ አንድ ቡድን በመደበኛ ውል የሚይዘው እስከ 15 ተጫዋች ነው። 30 ቡድን ሲሆን 450 ቦታ ማለት ነው። ሁለት ቡድን ቢጨመር 30 ቦታ ይጨመራል። በሌላ አነጋገር፣ ዛሬ ካሉት ከእያንዳንዱ 15 ተጫዋች ጎን አንድ ሰው መጨመር ነው። እንዲህ ሲታይ ጥያቄው «ሌላ 450 ሰው ይገኛል ወይ?» ሳይሆን፣ «ከ450ው ቀጥሎ ያሉት 30 ሰዎች ለመጫወት ይበቃሉ ወይ?» የሚል ነው።

ወደ ኋላ ሄደን ብናይስ? በ1950ዎቹ አጋማሽ ሊጉ ወደ ስምንት ቡድን ወርዶ ነበር፤ እስከ 1961 ድረስም በስምንት ቆየ። «ቡድን ባነሰ ቁጥር ጨዋታ ይጣፍጣል» የሚለው አባባል እውነት ቢሆን ኖሮ ከዚያ ዘመን የሚበልጥ ባልተገኘ ነበር። ነገር ግን እስከ 1950 ድረስ አንድም ጥቁር ተጫዋች በሊጉ አልተሰለፈም። በዚያ ዓመት ነው ኧርል ሎይድ፣ ቸክ ኩፐርና ናት ክሊፍተን የገቡት። ከዚያ በፊት ጥቁር ተጫዋች ስላልነበረ ነው? አይደለም። በሩ ስለተዘጋ ነው። ችሎታ አነሰ የተባለው በአጥሩ ውስጥ ያለው ብቻ ስለተቆጠረ ነበር።

ሁለተኛ ምሳሌ እንጨምር። ከ1967 እስከ 1976 አሜሪካ ውስጥ ኤቢኤ የሚባል ተፎካካሪ ሊግ ነበር። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ቀለም ባለው ኳስ ይጫወቱ ስለነበር ብዙዎች የልጆች ጨዋታ አድርገው ነው ያዩት። በ1976 አራት ቡድኖቹ ማለትም ዴንቨር፣ ኢንዲያና፣ ሳን አንቶኒዮና ኒውዮርክ ኔትስ ወደ ኤንቢኤ ተቀላቀሉ። በቀጣዩ ዓመት በኮከቦች ጨዋታ ከተሰለፉት 24 ተጫዋቾች 10ሩ ከዚያው ከተናቀው ሊግ የመጡ ነበሩ። ወጡ ቀጠነ ወይስ ወፈረ? ፍርዱን ለአንባቢ እንተወዋለን።

ሦስተኛውና ትልቁ ምሳሌ የውጭ አገር ተጫዋቾች ጉዳይ ነው። በ1992 የአሜሪካ ኮከቦች በባርሴሎና ኦሎምፒክ ሲጫወቱ ሊጉ 27 ቡድን ነበረው፤ ከአሜሪካ ውጭ የመጡት ተጫዋቾች ደግሞ ሃያ ያህል ብቻ ነበሩ። የ2024/25 ውድድር ሲከፈት ቡድኖቹ 30፣ የውጭ አገር ተጫዋቾቹ ደግሞ ከ43 አገሮች የመጡ 125 ሆነዋል። ልብ በሉ፤ የተጨመረው ቡድን ሦስት ነው፣ ከውጭ የተጨመረው ተጫዋች ግን ከመቶ በላይ ነው። ደግሞም ተቀያሪ ወንበር ለማሞቅ የመጡ አይደሉም። ከ2019 እስከ 2025 በተከታታይ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የተባሉት የግሪክ፣ የሰርቢያ፣ የካሜሩንና የካናዳ ልጆች ናቸው። በእነዚያ ሰባት ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ተወልዶ ይህን ሽልማት የወሰደ አንድም የለም።

በሩ ላይ የቆሙት

ከእነዚህ ተጫዋቾች አንዳንዶቹ የመጡበት መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ያኒስ አንቴቶኩምፖ በ1994 አቴንስ ውስጥ ከናይጄሪያውያን ወላጆች ተወለደ። ወላጆቹ ወረቀት አልነበራቸውም፤ እሱም እስከ 2013 ድረስ የየትኛውም አገር ዜግነት አልነበረውም። ከወንድሞቹ ጋር በመንገድ ላይ ሰዓትና መነጽር እያዞረ ይሸጥ ነበር። በ2019 እና በ2020 የኤንቢኤ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ በ2021 ከሚልዋኪ ጋር ዋንጫ አነሳ።

ሉዎል ዴንግ በ1985 ዋው ከተማ፣ በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን ተወለደ። ቤተሰቡ ከጦርነት ሸሽቶ ግብጽ ሲኖር ቅርጫት ኳስን ያስተዋወቀው በቁመቱ ዓለም የሚያውቀው የአገሩ ልጅ ማኑት ቦል ነበር። ከዚያ ቤተሰቡ በእንግሊዝ ጥገኝነት አገኘ፣ ሉዎልም ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በ2004 በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ሰባተኛ ሆኖ ኤንቢኤ ገባ። መጫወት ካቆመ በኋላም አርፎ አልተቀመጠም፤ የደቡብ ሱዳን ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ በየአገሩ የተበተኑትን ልጆች ሰበሰበ። ከተሰበሰቡት ብዙዎቹ ስደት ያሳደጋቸው ናቸው፤ አገራቸው ውስጥም ጣሪያ ያለው አንድ የመጫወቻ ሜዳ አልነበራቸውም። በ2011 ነፃ የወጣችው አገር በ2023 የዓለም ዋንጫ ከአፍሪካ ቡድኖች ሁሉ ቀድማ ጨርሳ የፓሪስ ኦሎምፒክን ትኬት ቆረጠች። በሐምሌ 2024 ለንደን ላይ በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ የአሜሪካ ኮከቦች ደቡብ ሱዳንን ያሸነፉት 101 ለ100 ነው፤ በአንድ ነጥብ ብቻ! በኦሎምፒኩም የመጀመሪያ ጨዋታዋን ፖርቶሪኮን 90 ለ79 ረታለች።

የዚያ ቡድን ታናሽ ካማን ማሉዋች የሚባል ልጅ ነበር። ሩምቤክ ተወልዶ በኡጋንዳ በስደት ያደገ ነው። ኳሱን የጀመረው በ2019 ሲሆን፣ ከዚያ ሴኔጋል ወዳለው የኤንቢኤ የአፍሪካ አካዳሚ ተወሰደ፤ በአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግም ተጫወተ። በሰኔ 2025 በኤንቢኤ ምርጫ አሥረኛ ሆኖ ተጠርቶ ፊኒክስ ገባ። ከመጀመሪያዋ ኳስ እስከ ትልቁ ሊግ ስድስት ዓመት ገደማ ነው የፈጀበት። በ2018 አንድ ሰው «በዓለም ላይ ስንት ጥሩ ተጫዋች አለ?» ብሎ ቢቆጥር ኖሮ ይህን ልጅ አይቆጥረውም ነበር። ልጁ ግን ነበረ፤ ረጅምም ነበረ።

ዝም ብለን እንዳንፈርድ

የሌላውን ወገን ነገርም መስማት ይገባል፤ ከንቱ አይደለምና። በ1995 ቶሮንቶና ቫንኩቨር ወደ ሊጉ ሲገቡ ቫንኩቨር በመጀመሪያ ዓመቱ ካደረጋቸው 82 ጨዋታዎች ያሸነፈው 15ቱን ብቻ ነው። 23 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፏል። ከተማውም ተስፋ ቆረጠ፤ በ2001 ቡድኑ ወደ ሜምፊስ ሄደ። ስለዚህ «ቡድን መጨመር ምንም ችግር የለውም» የሚል ካለ እሱም አልቆጠረም ማለት ነው።

እኛ እንደምናየው ሁለት ዓይነት ችሎታ አለ። አንደኛው ቦታውን በወጉ የሚይዝ ተጫዋች ነው፤ ይህ ሞልቷል። ሁለተኛው ጨዋታ የሚለውጥ፣ ቡድን ተሸክሞ የሚሄድ ተጫዋች ነው፤ ይህ በማንኛውም ዘመን ጥቂት ነው፤ ቡድን ስለቀነሰም አይበዛም። አዲስ ቡድን የሚወድቀው በአብዛኛው የመጀመሪያውን ስላጣ ሳይሆን፣ ሁለተኛው ስለሌለው፣ አሠልጣኙ ደካማ ስለሆነና ጊዜ ስለማይሰጠው ነው። ሊጉም ይህን ስለሚያውቅ ደንብ አውጥቷል። በ2004 ሻርሎት ሲገባ ነባር ቡድኖች እያንዳንዳቸው እስከ ስምንት ተጫዋች እንዲያስቀሩ ተፈቀደላቸው። ከቀሩት ውስጥ አዲሱ ቡድን መረጠ፤ ግን ከአንድ ቡድን ከአንድ ሰው በላይ መውሰድ አይችልም። ማንንም ባዶ ሳያስቀሩ ለአዲሱ ማካፈል ይሉታል እንዲህ ነው።

በደንብ ከተሠራ ምን እንደሚሆን ደግሞ የሴቶቹ ሊግ አሳይቷል። ደብሊው ኤንቢኤ ለዓመታት 12 ቡድን፣ በድምሩ 144 ቦታ ብቻ ነበረው። ስንት ጎበዝ ልጅ ቦታ አጥታ ወደ አውሮፓና ቻይና ተሰደደች! በ2025 ጎልደን ስቴት ቫልኪሪስ 13ኛ ቡድን ሆኖ ገባ። ሌሎች ያስለቀቋቸውንና ችላ ያሏቸውን ተጫዋቾች ሰብስቦ በመጀመሪያ ዓመቱ ለጥሎ ማለፍ በቃ፤ በሴቶቹ ሊግ ታሪክ እንዲህ ያደረገ አዲስ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ይህ ሁሉ የአሜሪካ ወሬ ነው የሚል አይጠፋም። የራሳችንን እናንሳ። የአፍሪካ ዋንጫ በእግር ኳስ በ1957 ሲጀመር የተጫወቱት ሦስት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ሱዳን፣ ግብጽና ኢትዮጵያ። ኢትዮጵያ በ1962 ዋንጫውን አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ2 አሸንፋ ስታነሳ ተወዳዳሪው አራት ነበር። በ1968 ኢትዮጵያ ባዘጋጀችው ውድድር ስምንት ሆነ። በ1992 ወደ 12፣ በ1996 ወደ 16፣ በ2019 ወደ 24 አደገ። በየጊዜው «ይረክሳል» ተብሏል። ነገር ግን ጥር 2022 ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባችው ትንሿ ኮሞሮስ አራት ጊዜ ዋንጫ ያነሳችውን ጋናን 3 ለ2 አሸንፋ ከውድድሩ አስወጣቻት። ውድድሩ በ16 ቢቀር ኖሮ ኮሞሮስ በሩ ላይ ትቀር ይሆናል።

በቅርጫት ኳስም የአፍሪካ ሊግ በግንቦት 2021 ኪጋሊ ላይ በ12 ክለቦች ተጀምሯል። ከጎረቤቶቻችን የሩዋንዳ፣ የደቡብ ሱዳን፣ የኡጋንዳና የኬንያ ክለቦች ተሰልፈውበታል። እስከ 2025 ድረስ የኢትዮጵያ ክለብ በዋናው ውድድር አልታየም። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ቁመትና ፍጥነት አጥቶ ነው እንበል? ጋምቤላን ያየ ሰው እንዲህ አይልም። የጠፋው ሜዳው፣ አሠልጣኙ፣ የዘወትር ውድድሩ ነው። ሊጉ ግን አንድ መልካም ነገር አድርጓል፤ ከ2022 ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን ከአካዳሚው አንድ ወጣት እንዲይዝ አድርጓል። ማሉዋችም ያለፈው በዚያ ቀዳዳ ነው።

ይህን ስንጨዋወት አዛውንቱ ዱላቸውን ወደ ጣቢያው ቀሰሩ።

«ይህ ባቡር ከዚህ ተነስቶ ሲዘረጋ ድሬዳዋ አልነበረችም» አሉ። «ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላቃተው ከታች ሜዳው ላይ ጣቢያ ተሠራ። ሰው የለም፣ ገበያ የለም፣ ምንም የለም! ጣቢያ ተሠራና ሰው መጣ። እንደ እናንተ ቢያስቡ ኖሮ «ከተማ በሌለበት ምን ጣቢያ ያስፈልጋል?» ብለው ያልፉት ነበር፤ እኔም አልወለድም!»

ሳቅን። ግን ነገሩ እውነት ነው። የሐዲዱ ሥራ በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ ላይ ደረሰ፤ ቦታዋ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር የተባለችው። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ያቺ ከጣቢያ የተወለደች ከተማ ፋብሪካ አቆመች፤ የፋብሪካው ሠራተኞች ክለብ ኮተንም በ1960ዎቹ የአዲስ አበባን ታላላቅ ክለቦች ጥሎ ከአንድ ጊዜ በላይ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። ጣቢያው ቀደመ፤ ሰው ተከተለ፤ ችሎታ ከሰው ጋር መጣ።

እንግዲህ እኛ የደረስንበት ይህ ነው። ተጫዋች አለ። የሌለው መቆሚያ ጣቢያ ነው። ጣቢያ ብቻውን ግን ባቡር አይጎትትም፤ አሠልጣኝ፣ ኳስና ጊዜ ካልተጨመረለት እንደ ቫንኩቨር ተዋርዶ ይበተናል።

በዚህ መሠረት ከሁለት ሳምንት በፊት የሰጠነውን መልስ አንስተናል። ለሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ ሁለቱ አዲስ ቡድኖች ይግቡ። ሁለተኛ፣ አራቱ ነባር ቡድኖች እያንዳንዳቸው ስድስት ተጫዋች ያስቀሩ፤ ከቀሩት ውስጥ አዲሶቹ ቡድኖች አንድ አንድ ይምረጡ። ሦስተኛ፣ ከመምህራኑ ሁለታችን አዲሶቹን እናሠልጥን፤ «አይችሉም» ያልነው እኛ ነንና ካሣውም የእኛ ነው። አራተኛ፣ በመጀመሪያው ዓመት ቢሸነፉ ማንም ከውድድሩ እንዳያስወጣቸው ከወዲሁ በጽሑፍ ይያዝ። ሴት ተማሪዎች ያነሱት ጥያቄም በዚያው ስብሰባ ይታያል። የነባር ቡድን አምበሎች እንደሚቃወሙን እናውቃለን፤ ይምጡና ይከራከሩን።

መኪናው ሲመጣ ወደ ሜዳዋ ዞር ብለን አየን። ከስምንቱ አንዱ እናቱ ጠርታው ሄዷል፤ ዘጠነኛው ገብቷል። ሁለት ጊዜ ኳሷን አስነጠቀ፣ ተጮኸበትም። በሦስተኛው ከሁለት ልጆች መካከል ለጓደኛው አሾልኮ ሰጠ፤ ጓደኛውም አገባ። ለአቀባይ የሚያጨበጭብ ስለሌለ ሁለታችን ከመኪናው ላይ ሆነን አጨበጨብንለት።

ቸር ያሰማን።